ቀለሙ አልበደለም

ቀለም ተቀብቶ ብዙም ሳይቆይ ሲላጥ የመጀመሪያው ተከሳሽ ቀለሙ ነው። «ርካሽ ነበር»፣ «የተበረዘ ነበር»፣ «ጊዜው ያለፈበት ነበር» ይባላል። ሁለተኛው ተከሳሽ ቀቢው ነው። ቀለሙ ያረፈበት ዕቃ ግን ከነጭራሹ ወደ ችሎቱ አይቀርብም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተዛባ ፍርድ በፊዚክስ ሚዛን መርምሮ ማስተካከል ነው። ለምርመራው የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም ከፕላስቲክ የተሠራን የጠመንጃ ሰደፍ በቤት ውስጥ እንደገና ቀለም የመቀባት ሥራ ነው።

ጉዳዩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አደን የብዙዎች ልማድ በሆነበት በአሜሪካ አያሌ የጠመንጃ ባለቤቶች የተፋፋቀ ወይም የሚያብለጨልጭ ሰደፋቸውን በየጋራዣቸው እንደገና ይቀባሉ። የአንዱ ቀለም ዓመታት ይዘልቃል፤ የሌላው፣ ያውም ከዚያው ቆርቆሮ የተረጨ ቀለም፣ በአንድ የአደን ወቅት ውስጥ እጅ ከሚያርፍበት ስፍራ ይላጣል። አንድ ቀለም ሁለት ውጤት ከሰጠ ምክንያቱን ከቀለሙ ውጭ መፈለግ የሳይንስ ግዴታ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ መሣሪያ ለመሳብ የተጻፈ አለመሆኑን ከወዲሁ እናስገነዝባለን። በሰደፉ ላይ የሚሠራው ሕግ ግን በውኃ ጀሪካን፣ በፕላስቲክ ወንበርና በመኪና መከላከያም ላይ አንድ ነው።

ከእንጨት ወደ ናይለን

አያቶቻችን የሚያውቋቸው ውጅግራና ምንሽር ሰደፋቸው እንጨት ነበር። እንጨት ቀለምና ቅባት ተቀባይ ነው። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ፈሳሽን ይስባል፤ የተገነባበት ሴሉሎስም ከብዙ ፈሳሾች ጋር በቀላሉ የሚሳሳቡ የሃይድሮጅንና የኦክሲጅን ጥንዶችን ተሸክሟል። ጉድለቱ ከዚሁ ጠባይ ይመነጫል። እርጥበት ሲገባው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ እንቅስቃሴ በብረቱ ቱቦ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ጥይቱ የሚያርፍበትን ነጥብ ሊያዛባ ይችላል።

የኬሚስትሪ ባለሙያው ዋላስ ካሮዘርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1935 በዱፖንት ኩባንያ ናይለንን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ አምራች «ናይለን 66» የተሰኘውን ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ። ሰደፉ የተሠራው ከናይለን ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የዚያ ሰደፍ ቀለም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ፕላስቲኩ ከመቀረጹ በፊት በውስጡ የተደባለቀ ነበር። ሰደፉ ቢፋቅ ከሥሩ የሚወጣው ያው ቀለም ነው። ቀለሙ በአካሉ ውስጥ እስካለ ድረስ «ይጣበቃል ወይስ ይላጣል?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም። ዛሬም አብዛኞቹ የፕላስቲክ ሰደፎች የሚወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ለመለወጥ በተነሣ ጊዜ ግን ፋብሪካው ዘሎት ያለፈው ጥያቄ በባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

የአካል ሁሉ ዳርቻ

በፊዚክስ ትምህርታችን አንድን አካል የምንገልጸው በክብደቱ፣ በይዘቱና በእፍጋቱ ነው። ስለ ዳርቻው እምብዛም አንናገርም። ሆኖም አንድ አካል ከሌላው ጋር የሚገናኘው በዳርቻው ብቻ ነው። በአካሉ ውስጥ የሚገኝ ሞለኪውል ከሁሉም አቅጣጫ በጎረቤቶቹ ይሳባል፤ በገጹ ላይ የሚገኘው ግን በአንድ ወገን ጎረቤት ስለሌለው ያልተሟላ የመሳብ ዝንባሌ ይቀረዋል። ይህን የገጽ ኢነርጂ እንለዋለን፤ በፈሳሾች ዘንድ የገጽ ውጥረት ሆኖ ይታያል። የሚለካውም በሚሊኒውተን በሜትር ነው።

ቁጥሮቹ ብዙ ይነግሩናል። የውኃ የገጽ ውጥረት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 73 ይጠጋል። የናይለን 6,6 የገጽ ኢነርጂ 46 አካባቢ ሲሆን የፖሊኤትሊን 31፣ የፖሊፕሮፒሊን 30 ገደማ ነው። ብዙዎቹ ቀለሞች ደግሞ ከ25 እስከ 35 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ፈሳሽ በጠጣር ላይ በደንብ የሚዘረጋው የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ከጠጣሩ የገጽ ኢነርጂ ሲያንስ ነው። ስለዚህ ቀለሙ በናይለን ላይ ሰፊ ብልጫ አግኝቶ ይዘረጋል፤ በፖሊፕሮፒሊን ላይ ግን ብልጫው እጅግ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። «የፕላስቲክ ሰደፍ» የሚለው አንድ ስም በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይለንን፣ ፖሊፕሮፒሊንን እንዲሁም በኢፖክሲ የተያያዘ ፋይበርግላስን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አንዱ «ማሻከር ብቻ ይበቃል» ብሎ ሲምል፣ ሌላው «እኔ እንዲሁ አድርጌ ተላጠብኝ» ብሎ ሲከራከር ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። የተከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ቁሶች ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1805 እንዳስረዳው በጠጣር ላይ ያረፈች ጠብታ ከገጹ ጋር የምትሠራው ማዕዘን የሦስት ውጥረቶች ሚዛን ውጤት ነው። በንጹሕ መስታወት ላይ ውኃ ተዘርግቶ ማዕዘኑ እጅግ ያንሳል፤ በፖሊኤትሊን ላይ ግን ጠብታዋ ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ ማዕዘኑም ከ90 ዲግሪ ያልፋል። አንዲት የውኃ ጠብታ በሰደፉ ላይ አሳርፎ በጎን መመልከት ከብዙ ምክር ይልቅ ይናገራል።

ቅደም ተከተሉ ለምን ወሳኝ ሆነ?

በቀለምና በፕላስቲክ ሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ በርቀት ፈጥኖ የሚደክም ነው፤ ከጥቂት የናኖሜትር ክፍልፋዮች ባለፈ ርቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ የሰው ፀጉር 70,000 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አለው። እንግዲህ ዓይን የማያየው የጣት ቅባት፣ የመሣሪያ ዘይት ወይም ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ ፋብሪካው የተጠቀመበት ንጥረ ነገር በሁለቱ መካከል ቢተኛ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ፈጽሞ አልተገናኘም። የተጣበቀው ከቅባቱ ጋር ነው። ቅባቱ ሲለቅ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ሲሊኮን ነው። የገጽ ውጥረቱ 20 አካባቢ ብቻ ነው። ጠመንጃ ለመወልወል የሚያገለግሉ አንዳንድ ጨርቆች በሲሊኮን የተነከሩ ናቸው። የሲሊኮን ነጠብጣብ በቀረበት ስፍራ እርጥቡ ቀለም ዝቅተኛ ውጥረት ካለበት ወደ ከፍተኛው ይሸሻል፤ በመካከል የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ጉድጓድ ይቀራል። ይህ ጣሊያናዊው ካርሎ ማራንጎኒ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያጠናውና በስሙ የሚጠራው ክስተት ነው። በላዩ ላይ ሌላ ቀለም መደረብ ጉድጓዱን አይሞላውም፤ መፍትሔው ተመልሶ ማጽዳት ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በብርጭቆ ወረቀት ነው። ማሻከር ጠቃሚ መሆኑ አይካድም፤ የመገናኛውን ስፋት ይጨምራል፤ ለቀለሙም መጨበጫ ይሰጠዋል። ሆኖም ሮበርት ዌንዝል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳየው ግንኙነት ማስጠንቀቂያ ይዟል። ሻካራነት ገጹ አስቀድሞ ያለውን ጠባይ ያጎላል። ፈሳሹን የሚወድ ገጽ ሲሻክር ይበልጥ ይወደዋል፤ የሚሸሽ ገጽ ሲሻክር ይበልጥ ይሸሸዋል። በቅባት የተሸፈነን ሰደፍ ማሻከር ደግሞ ቅባቱን በጭረቶቹ ውስጥ መቅበር ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ማጠብ፣ ማሻከር፣ እንደገና ማጠብና ማድረቅ ነው። ለመጀመሪያው እጥበት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ፣ ለማሻከሩ ከ320 እስከ 400 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት፣ ለመጨረሻው ጽዳት በንጹሕ ጨርቅ የተነከረ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ቁሱ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ግን ይህም ብቻ አይበቃም። የመኪና መከላከያ አምራቾች ገጹን በነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ፍሳሽ ይመቱታል፤ ኦክሲጅን ከገጹ ሞለኪውሎች ጋር ተጣምሮ የገጽ ኢነርጂውን ከፍ ያደርገዋል። በቤት ውስጥ እሳት ማቅረብ ሰደፉን ማቅለጥና አደጋን መጥራት ስለሆነ አንመክረውም። ለዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ክሎሪን የተጨመረበት ፖሊኦሌፊን ያለው ማጣበቂያ መነሻ ቀለም መጠቀም ይሻላል። አሴቶንና ቲነርንም በዘፈቀደ ማፍሰስ አይገባም። ናይለንና ፖሊፕሮፒሊን አሴቶንን ይቋቋማሉ፤ ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው ፕላስቲክ ግን ይሟሟበታል። በማይታይ የውስጥ ክፍል ላይ አስቀድሞ መሞከር ብልህነት ነው።

ስስ ንብርብር፣ ረዥም ትዕግሥት

«በስሱ ደጋግመህ ቀባ» የሚለው የቀቢዎች ምክር በሒሳብ የሚደገፍ ነው። በቆመ ገጽ ላይ ያለ እርጥብ ቀለም በራሱ ክብደት ወደ ታች ይፈስሳል። የሚፈስሰው መጠን ከንብርብሩ ውፍረት ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 8 እጥፍ ይሆናል። አንዱን ወፍራም ንብርብር በ3 እኩል ስስ ንብርብሮች ብንተካ የእያንዳንዱ ፍሰት 1/27ኛ፣ የሦስቱ ድምር 1/9ኛ ብቻ ይሆናል። የማሟሟያው ፈሳሽ ከውስጥ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ደግሞ በግምት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል። 3 እጥፍ የወፈረ ንብርብር እስከ 9 እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው። ከላይ ደርቆ ከሥር የለሰለሰ ቀለም የሚፈጠረው በችኮላው ልክ ነው።

ሙቀትንም መዘንጋት አይገባም። የመስታወት ክር ያልተጨመረበት ናይለን በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ በሚሊዮን 80 ያህል እጅ ይረዝማል፤ ብረት በሚሊዮን 12 ያህል ብቻ። 75 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ናይለን በብርድ ማለዳና በቀትር ፀሐይ መካከል በ40 ዲግሪ ቢሞቅ 2.4 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ እኩል ርዝመት ያለው ብረት ግን 0.36 ሚሊሜትር ብቻ። የመስታወት ክር ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለሆነም ለብረት ተብሎ የተሠራ ግትር ቀለም በፕላስቲክ ላይ ሲሰነጠቅ ልንደነቅ አይገባም። ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ቀለም አብሮ የመለጠጥ ችሎታ አለው።

ከውበት የሚቀድም

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በቀለም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ጠመንጃ ወንበር አይደለም። ከሥራው በፊት ጥይት የሚገባበትን ክፍልና የጥይት መያዣውን በዓይንም በእጅም አረጋግጦ ባዶ ማድረግ፣ ጥይቱን ከክፍሉ ማራቅ፣ ሰደፉን ከብረቱ ክፍል ነጥሎ ለብቻው መቀባት የግድ ነው። በቃታው፣ በመቆለፊያውና በመለያ ቁጥሩ ላይ ቀለም ሊያርፍ አይገባም። ብረቱ የሚተኛበትን ቦይም መሸፈን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ንብርብር 25 ማይክሮሜትር ቢሆን 4 ንብርብሮች 0.1 ሚሊሜትር ይሞላሉ፤ ይህ የአንድ የዶላር ኖት ውፍረት ያህል ነው። በብረቱና በሰደፉ መካከል ክፍተት እንዲኖር የሚፈልጉ ተኳሾች ክፍተቱን የሚፈትሹት ኖት በማሳለፍ በመሆኑ፣ በቦዩ ውስጥ የገባ ቀለም የጠመንጃውን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። በአሜሪካ የአሻንጉሊት ጠመንጃ ጫፍ በብርቱካናማ ምልክት እንዲለይ ሕግ ያዛል። እውነተኛውን መሣሪያ በአሻንጉሊት ቀለም ማስጌጥ ይህን መለያ ትርጉም ማሳጣት ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ከቶ የማይታሰብ ድፍረት ነው።

ሳንባም ጥበቃ ይፈልጋል። የመስታወት ክር ያለበት ሰደፍ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ በውኃ እያረጠቡ ማሻከር ብናኙን ያስቀረዋል። ለአቧራ የተሠራ ጭምብል የማሟሟያ እንፋሎትን አያግድም፤ ለእንፋሎት ገቢር ከሰል ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል። በብዙ የሚረጩ ቀለሞች ውስጥ ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በምድጃ ወይም በከሰል እሳት አጠገብ መርጨት እሳት መለኮስ ነው። ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚሠራው ፖሊዩረቴን ቀለም አይሶሳያኔት ስላለበት አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ቦታው የተሟላ መከላከያ ያለው የሙያ ሥፍራ እንጂ ቤት አይደለም።

የእኛ አቋም

«ለአንድ ሰደፍ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናምናለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ እምነት አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው መልስ አለመቀባት ነው። ፋብሪካው ቀለሙን በአካሉ ውስጥ ካዋሐደው፣ ቁሱም ፖሊፕሮፒሊን ከሆነና ተስማሚው መነሻ ቀለም ካልተገኘ፣ የተፋፋቀ ሰደፍ ከሚላጥ ሰደፍ ይሻላል። ለመቀባት የወሰነ ግን «የትኛው ቀለም ጥሩ ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ፕላስቲክ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባለሱቅም ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው የመረመረ ሰው ብቻ ነው።

በትምህርታችን ላይ ያለን ቅሬታም ከዚሁ ይያያዛል። ተማሪ የገጽ ውጥረትን በውኃ ላይ በምትንሳፈፍ መርፌና በቀጭን ቱቦ በሚወጣ ውኃ ይማራል፤ ፈተናውን ያልፋል፤ ከዚያም ይረሳዋል። ያው ሕግ የቀለምን፣ የማጣበቂያን፣ የሕትመትን፣ የጥርስ ሙሌትን ዕጣ እንደሚወስን ሳይነገረው ይመረቃል። የእጅ ሥራንና የሒሳብ ቀመርን ያለያየን እኛው ነን፤ ተፈጥሮ አላለያየቻቸውም።

ይህን ለመጠገን ጠመንጃም ሆነ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አንድ ያረጀ የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ 2 ከሆነ ከባዱ ፖሊኤትሊን፣ 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ገጹን በአራት ከፍላችሁ አንዱን እንዲሁ ተዉት፤ ሁለተኛውን እጠቡ፤ ሦስተኛውን አጥባችሁ አሻክራችሁ እንደገና እጠቡ፤ አራተኛውን ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መነሻ ቀለም ቀቡት። በእያንዳንዱ ላይ የውኃ ጠብታ አሳርፋችሁ ማዕዘኗን መዝግቡ። ገጹ ሲደርቅ አራቱንም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቀን ቀቡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በስለት 6 በ6 መስመር ፈርጋችሁ 25 ትናንሽ ካሬዎች ሥሩ፤ የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉና ስንት ካሬ እንደተላጠ ቁጠሩ። ኢንዱስትሪውም የሚፈትነው በዚሁ መንገድ ነው። ውጤቱን ስታነጻጽሩ ግን ተጠንቀቁ፤ በዓለም አቀፉ አይ.ኤስ.ኦ. መለኪያ 0 ምርጥ ሲሆን በአሜሪካው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. መለኪያ ምርጡ 5 ነው።

አራቱ ክፍሎች በአንድ ቀለም ተቀብተው አራት የተለያየ ቁጥር ከሰጡ ተከሳሹ ነጻ ወጥቷል ማለት ነው። የቀረው ፍርድ የሚያርፈው ከቀለሙ በፊት በተሠራው፣ ወይም ሳይሠራ በቀረው ሥራ ላይ ነው። ቁጥራችሁን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከጓደኛችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ ካልተስማማ ደግሞ ዕቃው አንድ ዓይነት መሆኑን በቅድሚያ ጠይቁ እንላለን።